በደል ያለ በዳይ

በአገራችን ልማድ ሰው ባረፈ ጊዜ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ በየመንደሩ እየዞረ ያረፈውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል፤ እኛ ግን ከአገር ወጥተን በአሜሪካ በምንኖርበት ከተማ ጡሩምባ የሚሰማበት መንደር ስለሌለን፣ ይህን አገልግሎት ለኢሜይል ሰጠነው። ከ60ው የዕድራችን አባላት መካከል ፕሮግራም መጻፍ ጥቂት የምሞክር እኔ ስለ ነበርሁ፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። ፕሮግራሙ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ዜናቸውን የሚያወጡባቸውን ፊዶች በየሰዓቱ ይጎበኛል፤ የኀዘን ማስታወቂያ ባገኘም ጊዜ ለአባላቱ ሁሉ ደብዳቤ ይልካል፤ ስንት እንደ ላከም በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሥራው ይፈጥን ዘንድ በአንድ መስመር እንዲሄድ አልተውሁትም፤ ባለሙያዎቹ ትሬድ በሚሏቸው፣ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ክር ብዬ በምጠራቸው፣ ጎን ለጎን በሚሄዱ ስምንት የሥራ መስመሮች ከፈልሁት።

በአንዲት የዐቢይ ጾም ሌሊት የአንድ አባታችን ዕረፍት ተሰማ። ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ከላከ በኋላ መዝገቡን ብመለከት የተላከው 58 ነው ይላል። ሁለት ቤት ሳይሰማ ቀርቶ ቀብሩ ያልፈዋል ብዬ ፈራሁና፣ ለሁሉም እንደገና እንዲላክ አደረግሁ። በማግስቱ እንደ ተረዳሁት ግን በመጀመሪያውም ጊዜ ለ60ውም ደርሶ ነበር፤ የተሳሳተው መላኩ ሳይሆን ቆጠራው ነው። ዓይናቸው ስለ ደከመ ኢሜይላቸውን የልጅ ልጃቸው የምታነብላቸው አንዲት እናታችን ደግሞ፣ «ሌላ የኀዘን ደብዳቤ መጣ» ሲባሉ ስሙ እስኪነበብ እንኳ ሳይቆዩ፣ ለሁለተኛ ሟች ጮኸው አለቀሱ። ያን ልቅሶ ያስለቀስኋቸው እኔ ነኝ።

የሆነው ነገር ሲገለጥ እጅግ ቀላል ነው። አንዱ ክር መዝገቡን ገልጦ 31 የሚል ቁጥር ያነባል፤ አንድ ጨምሮ 32 ብሎ ሳይጽፍ ሁለተኛው ክር ይደርስና እርሱም ያንኑ 31 ያነባል፤ ከዚያም ሁለቱ በየተራ 32 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ደብዳቤ ሄዶ አንድ ተቆጠረ ማለት ነው፤ በዚያች ሌሊትም እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ጊዜ ደርሶ ነበር።

አበው ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ያስተምራሉ፤ ይኸውም በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ ማለት ነው። የደረሰውን በዚህ ሚዛን ላይ ባስቀመጥሁት ጊዜ መልስ አጣሁ። ክሮቹ ኅሊና የላቸውምና በኀልዮ አልበደሉም፤ የተናገሩት ቁጥር ባነበቡበት ቅጽበት እውነት ነበርና በነቢብ አልበደሉም፤ አንድ ጨምሩ ተብለው አንድ ጨምረዋልና በገቢርም አልበደሉም። ሐሰቱ የተወለደው በሁለቱ መካከል በነበረው፣ ማንም ባልጠበቀው ባዶ ስፍራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲመላለስብኝ ይኖራል፤ ከቅኖች መካከል በደል የሚወጣ ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ቅንነት ለብቻው ምን ያህል ይበቃል?

ይህን ጥያቄ በሒሳብ ቋንቋ ካነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። በ1965 ባወጣው አጭር ጽሑፍ (በዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሠራተኞች አንድ የጋራ ነገር ሲኖራቸው፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ወደዚያ ነገር እንዲገባ፣ ሌሎቹም ከደጅ ቆመው እንዲጠብቁ የሚያደርግ ሥርዓት አሳየ። ከዚህ ትምህርት የወጣው መሣሪያ መቆለፊያ ይባላል። ወደ መዝገቡ የሚገባ ክር አስቀድሞ ይቆልፋል፤ አንብቦና ጽፎ ሲጨርስ ይከፍታል፤ በመካከሉ የመጣ ሌላ ክር ይቆማል። ዳይክስትራ በ1950ዎቹ ይሠራበት የነበረው የአምስተርዳሙ የሒሳብ ማዕከል፣ ስሙን ከለወጠ በኋላ፣ ጊዶ ቫን ሮሰም በ1989 መጨረሻ ፓይተንን መጻፍ የጀመረበት ተቋም ሆነ፤ የመቆለፊያው ነገርም በዚያ ቤት እንደ ርስት የተላለፈ ይመስለኛል።

ፓይተን ራሱ በውስጡ የሚቆጥረው ነገር አለውና። በኮምፒውተሩ ትውስታ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር ስንት እጅ እንደ ያዘው የሚገልጥ ቁጥር ተጽፎበታል፤ አንድ ተጨማሪ እጅ ሲይዘው ቁጥሩ ያድጋል፤ ሲለቀው ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ በደረሰ ጊዜ ነገሩ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ስፍራው ለሌላ ይሰጣል። እንግዲህ በእኔ መዝገብ ላይ የደረሰው ዓይነት ስሕተት በዚህ ቆጠራ ላይ ቢደርስ፣ ያልሞተው ይቀበራል፣ የሞተውም ሳይቀበር ይቀራል። ስለዚህ በ1992 ክሮች ወደ ፓይተን በገቡ ጊዜ አብሮ አንድ ትልቅ መቆለፊያ ገባ፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ጊል ይሉታል። በተለመደው ፓይተን ትእዛዝ መፈጸም የሚችለው መቆለፊያውን የያዘው አንድ ክር ብቻ ነው። ሌላው ተራውን 5 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ካልደረሰው፣ የያዘው ክር እንዲለቅ ይታዘዛል።

ጀማሪዎች ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ «ክር ባበዛ ስሌቴ ስለ ምን አልፈጠነም?» ይላሉ። አልፈጠነም፤ ስምንት ሰው ቢሰለፍም ብዕሩ አንድ ነውና። ነገር ግን ክሩ የሚሠራው ስሌት ሳይሆን ከሩቅ ሰርቨር መልስ መጠበቅ እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ መልስ የሚጠብቅ ክር፣ እስኪመጣለት ድረስ መቆለፊያውን ለቆ ይጠብቃልና፣ ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ይሠራሉ። ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት የማነበውን መጽሐፍ አጥፌ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰው በኑሮው የሚያደርገው የዚህ ተቃራኒ ነውና፤ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ቆይቶ የሚጠብቅ ሰው፣ በእጁ ያለውን ሥልጣን፣ ስፍራ፣ ወይም ገንዘብ አጥብቆ ይዞ ይጠብቃል እንጂ፣ እኔ እስክመለስ ሌላው ይገልገልበት ብሎ የሚለቅ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በትክክል ይጠይቀኛል፤ ትልቁ መቆለፊያ ካለ የአንተ መዝገብ ስለ ምን ተበላሸ? ትልቁ መቆለፊያ የሚጠብቀው የፓይተንን ቆጠራ እንጂ የእኔን አይደለም። ክሩ 31 ብሎ ካነበበ በኋላ፣ 32 ሳይጽፍ፣ ተራውን በሕግ ለሌላው ለቀቀ፤ ሕጉም አልተጣሰም። የዕድሩን መዝገብ የሚጠብቅ መቆለፊያ ማበጀት የጸሓፊው የእኔ ግዴታ ነበር፤ የአገር ሕግ ስላለ የቤቱን ሥርዓት ቸል እንዳለ ሰው ሆንሁ ማለት ነው።

ተራ መጠበቅ ለነጻ ፍጡር ውርደት ነውን? ብዙዎች በልባቸው እንዲህ የሚያስቡ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው ማኅሌት ነው። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ሲያገለግሉ፣ የቀኙ ሲመራ ግራው ያደምጣል፣ ግራው ሲቀበል ቀኙ ያደምጣል። ዝም ያለው ወገን ሥራ የፈታ አይደለም፤ መቋሚያውን ይዞ ዜማውን በልቡ እየተከተለ፣ የሚነሣባትን ቃል እየጠበቀ ነው፤ ይህን ባያደርግ ተራው ሲደርስ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የኮምፒውተሩ ክር በሚጠብቅበት ጊዜ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲተኛ ይደረጋል፣ እስኪቀሰቅሱትም ድረስ ምንም አያውቅም። ስለዚህ መጠበቅ አለው እንጂ ትዕግሥት የለውም። ትዕግሥት ግዕዛን ላለው፣ ሊሄድ እየተቻለው ለቆመ ፍጡር የተሰጠ ሀብት ነው። ኮምፒውተሩ የትዕግሥትን ሥዕል አሳየኝ እንጂ ትዕግሥትን አላሳየኝም፤ ይህን ልዩነት ሳይገነዘቡ ስለ ኮምፒውተር ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው ነገሩን የማስረዝመው።

መቆለፊያም የራሱ ሞት አለው። ዳይክስትራ ለተማሪዎቹ ፈተና ባሰበው፣ ቶኒ ሆርም ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ባስቀመጠው ምሳሌ፣ አምስት ፈላስፎች በአንድ ክብ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በየሁለቱ መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ለመብላት ግን ሁለት ሹካ ያስፈልጋል። አምስቱም በአንድ ጊዜ በግራቸው ያለውን ቢያነሡ፣ እያንዳንዱ አንድ ይዞ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ሁለተኛውም በጎረቤቱ እጅ ነው፤ ማዕዱ ሞልቶ ሳለ ሁሉም በረኀብ ያልቃሉ። መድኃኒቱ ሹካዎቹን መቁጠር፣ ማንም ሰው ዘወትር ከሁለቱ ቁጥሩ የሚያንሰውን አስቀድሞ እንዲያነሣ ማዘዝ ነው፤ ያን ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ከሌሎቹ በተቃራኒው እጅ መጀመር ስለሚኖርበት ክበቡ ይሰበራል። በዚህ ምሳሌ የሚያሳዝነኝ አምስቱ ፈላስፎች ሲሆኑ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አለመናገሩ ነው።

ትልቁን መቆለፊያ ለማንሣት የተደረገው ትግል ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው። በፓይተን 1.5 ዘመን ግሬግ ስታይን መቆለፊያውን አንሥቶ በየስፍራው ትናንሽ መቆለፊያዎች ቢተካ፣ ብቻውን የሚሄደው ተራ ፕሮግራም በግማሽ ያህል ዘገየና ነገሩ ቀረ። ኋላ ሳም ግሮስ አዲስ መንገድ አቀረበ፤ አሳቡም በ2023 ተቀባይነት አግኝቶ፣ በ2024 በወጣው ፓይተን 3.13 ለሙከራ ተለቀቀ፤ በ2025 በወጣው 3.14 ደግሞ የሙከራነት ስሙ ተነሣለት፣ የሚያስከትለው መዘግየትም ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል ሆነ። በአዲሱ ሥርዓት እያንዳንዱ ነገር የሚወለድበት ባለቤት ክር አለው፤ ባለቤቱ ያለ ከልካይ ይቆጥራል፤ እንግዶቹ ግን በሌላ ዓምድ፣ በጥንቃቄ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱ ኋላ ይደመራሉ። መቆለፊያ ቀረ ማለት ሕግ ቀረ ማለት አይደለም። ከደጅ ቆሞ ሁሉን ይከለክል የነበረው ሕግ ተከፋፍሎ ወደ እያንዳንዱ ነገር ውስጥ ገባ እንጂ፤ ሊቃውንት ከሕገ ኦሪት በፊት ሕገ ልቡና ነበረ ሲሉ የሚያስተምሩትን የሚያስታውስ ነገር ነው፣ ምንም እንኳ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ቢሆን። በዚሁ ጊዜ፣ ሁሉ የሚጠቀምባቸው ጥቂት ነገሮች፣ እንደ «እውነት»፣ «ሐሰት» እና «ምንም» ያሉት፣ ፈጽሞ እንዳይቆጠሩ ተደረገ፤ ፕሮግራም ጸሓፊዎች «የማይሞቱ» የሚል ስም ሰጧቸው። ስሙ ለሰው ሥራ የሚበዛ ይመስለኛል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ እነርሱም አብረው ያልፋሉና።

ስለ ኢሜይል ደግሞ የምናዘዘው አለኝ። ደብዳቤ የሚሄድበትን ሥርዓት ጆናታን ፖስተል በ1982 ሲጽፈው እንደ ቅዳሴ ተሰጥዖ አድርጎ ነው የሠራው። ሰርቨሩ 220 ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ላኪው ሰላምታ ይሰጣል፤ 250 ይባላል፤ ላኪው ማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ 250፤ ለማን እንደሚልክ ይናገራል፤ 250፤ ጽሑፉን ልስጥ ይላል፤ 354፣ ስጥ ይባላል፤ ሰጥቶ ሲጨርስም በአንድ መስመር ላይ ብቻዋን የቆመች ነጥብ ያኖራል። ከሁለቱ አንዱ ሳይመልስ ሌላው አይቀጥልም። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ የላኪው ስም ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ አንዱ ከውጭ፣ በፖስታው ላይ፣ ሁለተኛው ከውስጥ፣ በደብዳቤው ራስጌ፤ ሁለቱ አንድ እንዲሆኑም ሥርዓቱ አያስገድድም። ተቀባዩ የሚያየው የውስጡን ነው። ዛሬ የላኪውን ሰርቨር ማኅተም የሚመረምሩ ሕጎች ተጨምረዋል፤ በደብዳቤው ራስጌ የሚጻፈውን የሰው ስም ግን ዛሬም ጸሓፊው እንደ ወደደ ሊጽፈው ይችላል።

እኔም አባላቱ ደብዳቤውን በክብር ይከፍቱት ዘንድ የዕድሩን ሰብሳቢ ስም ሳላስፈቅድ ጽፌ ነበር። የእናታችን ልቅሶ ከደረሰ በኋላ ይህም ከበደኝና ሄጄ ነገርኋቸው።

«በደብዳቤው ውስጥ ሐሰት አለበት?» አሉኝ።

«የለበትም፣ ጋሼ። ስሙ ብቻ ነው።»

«ሞት በስሜ ሲረዳ እኔ አላውቅም ነበር ማለት ነው፤» አሉና ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከእንግዲህ ስትልክ አስቀድመህ ደውልልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ብቻውን መርዶ አይልክም፤ አዘጋጅቶ ያቆመውን ደብዳቤ የሚለቀው እርሳቸው ሰምተው ይሁን ካሉ በኋላ ነው።

በደብዳቤ ነገር ሳለሁ ሳልናገር ማለፍ የማልወደው አንድ ምሥጢር አለ። ያ የ1982 ሥርዓት የተሠራው ለላቲን ፊደል፣ ለቁጥርና ለሥርዓተ ነጥብ ምልክቶች ብቻ ስለ ነበር የእኛ ፊደል በዚያ በር አይገባም ነበር። የእኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ በዚያም እያንዳንዱ ፊደል በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። በ1992 በወጣው የደብዳቤ አልባሳት ሥርዓት መሠረት ደግሞ ሦስቱ ባይት ወደ አራት የላቲን ምልክቶች ተለውጠው ይጓዛሉ። «ሰላም» የሚለው ቃላችን በመንገድ ላይ 12 ምልክት ነው፤ ከየአራቱም የፊተኞቹ ሁለት ምልክቶች ከሀ እስከ ፐ ላሉት ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የአንድ ቤት ልጆች በመልካቸው እንዲታወቁ። ከዚያም በተቀባዩ ዓይን ፊት ልብሱን አውልቆ እንደ ነበረው ይቆማል። ፓይተን ይህን ሁሉ በውስጡ ይዞ ስለሚሠራ ብዙ ጸሓፊ አያየውም።

ስለ ፊድ የምለው ጥቂት ነው። ፕሮግራሙ ወደ አንድ ፊድ በሄደ ቁጥር ቀድሞ የተሰጠውን ምልክት ያሳይና ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር እንዳለ ይጠይቃል፤ ከሌለ ሰርቨሩ 304 ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር ይመልሳል። ከየሰዓቱ ጥያቄ የሚበዛው መልስ ይኸው ነው፤ በኀዘን ጉዳይ ላይ ለሚያገለግል ሰውም ይህ ባዶ መልስ ምስጋና የሚገባው ነው።

ፕሮግራሙን የምጽፍበት ኤዲተር ግን ከሁሉ ይልቅ አስተማረኝ። በፓይተን የትእዛዝ ወሰን የሚታወቀው በቅንፍ አይደለም፤ ከመስመሩ በፊት በተተወው ባዶ ስፍራ ነው፤ በልማድ አራት ስፔስ ይተዋል። መቆለፊያውን ካበጀሁ በኋላ ቁጥሩ ዳግመኛ ተሳሳተ፤ ለሁለት ቀን ምክንያቱን ባጣሁ ጊዜ፣ ባዶውን ስፍራ በነጥብ እንዲያሳየኝ ኤዲተሩን አዘዝሁት። መዝገቡን የሚያነበው መስመር ከመቆለፊያው ሥር ነበር፤ የሚጽፈው መስመር ግን አራት ስፔስ ወደ ግራ ቀርቶ ከመቆለፊያው ውጭ ወድቋል። ክሮቹ በሥርዓት ተራ ጠብቀው ያነባሉ፣ ከወጡ በኋላ ግን ያለ ተራ ይጽፋሉ። አባቶቻችን ጸሐፍት ብራናውን በወስፌ አስምረው፣ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ እየለዩ ሲጽፉ፣ ባዶነት ብቻውን ትርጉም እንዲሸከም አልፈለጉም ነበር፤ እኛ ነጥቦቹን ትተን በባዶው ስፍራ መተማመን ከጀመርን ገና ብዙ ዘመን አይደለም።

ያን ስሕተት የገለጠልኝ ኤዲተር ቪም ነው። ቪምን በ1991 አውጥቶ እስከ ዕረፍቱ እስከ 2023 ድረስ የደከመበት ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር ገንዘብ አልጠየቀበትም፤ የወደደው ሰው በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዳ ብቻ ለመነ፤ ልመናውም ኤዲተሩ ያለ ፋይል ሲከፈት በመክፈቻ ገጹ ላይ ይታይ ነበር። ዓመታት ሙሉ አይቼው ሳላነበው ኖሬ፣ ስሕተቱን ባገኘሁባት ሌሊት አነበብሁት።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ወደ እናታችን ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድሁ። የክሮቹን ነገር በሚገባቸው ቃል ላስረዳ ሞከርሁ፤ ሁለት ቆጣሪዎች ናቸው፣ አንዱም አልዋሸም፣ ግን አልተጠባበቁም አልሁ። በጸጥታ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ያ ሁለተኛው ሟች እንግዲህ የለም?» አሉኝ።

«የለም፣ እማማ። የእኔ ስሕተት ነው።»

«ያን ያህል ያለቀስሁት ልቅሶ እንግዲህ አልቃሽ ላላገኘ ለአንድ ሰው ይሁንለት፤» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የልጅ ልጃቸውን ቡና እንድታፈላ ጠሯት።